አመሏን ስትረሳ

“ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ” ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ስለ ሰው ነው፤ ግን የተረተው ድመትን በደንብ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ድመት የአመል እንስሳ ናት። የምትተኛበት ቦታ፣ የምትበላበት ሰዓት፣ የምትጠጋው ሰው፣ የምትሸሸው ሰው፣ ሁሉም የታወቀ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለች ፍጥረት አመሏን ስትረሳ ምን ይባላል?

እዚህ ደሴ መልሱ አንድ ነው። “አርጅታ ነዋ።” ጎረቤት ይላል፣ ዘመድ ይላል፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ እንግዳ ይላል። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም። ግን ይሄ መልስ ነገሩን እዚያው ይዘጋዋል። አርጅታ ነው ከተባለ በኋላ ማንም ጎንበስ ብሎ አያያትም። እኔ ከቡሊት ጋር ስኖር የተረዳሁት ሌላ ነው። ያረጀች ድመት ጠባይዋ ሲለወጥ ከኋላው ብዙ ጊዜ ስም ያለው ሕመም አለ። ሁሉም አይድንም። አብዛኛው ግን ሊቀልላት ይችላል።

ቡሊት አስራ አራት ዓመቷ ነው። ስሟን ያወጣላት መልኳ ነው፤ ቡላ ናት፣ ከአንገቷ ስር ብቻ ነጣ ትላለች። የእንስሳት ሐኪሞች የድመትን ዕድሜ ከሰው ጋር ሲያነጻጽሩ የመጀመሪያውን ዓመት እንደ 15፣ ሁለት ዓመት ሲሞላት እንደ 24 ይቆጥሩና ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት 4 ይጨምራሉ። በዚህ ስሌት ቡሊት የ72 ዓመት ባልቴት ናት። ስሌቱ ግምት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ያሳያል፤ ለእኛ ስድስት ወር የሆነው ለሷ ሁለት ዓመት ነው። “አምና ደህና ነበረች” ስንል ለሷ አራት ዓመት አልፎታል።

ከቤት አትወጣም። ይሄ በወሎ ብዙም የተለመደ አይደለም። እኛ አገር ድመት ቤት የምትገባው አይጥ ልታጠፋ ነው፤ ቀን ጓሮ፣ ማታ እህል ያለበት ክፍል ነው ውሎ አዳሯ። የኛ ቤት ግን አስፋልት ዳር ነው። ሲመሽ ሰፈሩ የውሾች ነው። ከሁሉም የባሰው ደግሞ የአይጥ መርዝ ነው። መርዝ የበላች አይጥ ትፈዛለች። የፈዘዘች አይጥ በቀላሉ ትያዛለች። የበላቻት ድመትም አብራ ትመረዛለች። በልጅነቴ ከማውቃቸው ድመቶች አንዷም ስታረጅ አላየሁም። አሁን ሳስበው፣ ሳያረጁ ነበር የሚሞቱት። ለዚህ ነው የድመት እርጅና ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር የሆነው። አያቶቻችን የበሬና የበቅሎ እርጅና ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስለ ድመት እርጅና ግን የነገሩን ነገር የለም፤ አላዩትማ።

የቡሊት አመል ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀው ነበር። ለሱብሂ አዛን ሲባል ከእናቴ እግር ስር ተነስታ ወደ ትራሱ ትሄዳለች። ቡና ሲቆላ ጭሱን ሸሽታ ቡፌው ላይ ትወጣለች፤ በረካ ሲደርስ ትወርዳለች። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ጫማውን ታሸታለች፣ ከወደደችው አጠገቡ ትተኛለች። ሳፋዋ ውስጥ ያለውን ሰጋቱራ ቆፍራ ተጠቅማ መልሳ ትሸፍናለች። ምንጣፍ ላይ ሸንታ አታውቅም።

ለውጡ ባንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ ቡፌው ላይ መውጣት ተወች። ቀጥሎ የወገቧ ፀጉር እየተቋጠረ መጣ። ከዚያ የእህቴ ልጅ ሲያቅፋት ቧጨረችው፤ ከተወለደ ጀምሮ አብራው የምትተኛውን ልጅ! ከዚያ ደግሞ ሳፋዋ አጠገብ፣ ግን ከሳፋዋ ውጭ መሽናት ጀመረች። መጨረሻ ላይ የሌሊቱ ጩኸት መጣ።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት አሉ፤ በሰፈሩ ሁሉ የተከበሩ ናቸው። “ተያት ልጄ፣ ዕድሜ ነው” አሉኝ።

“እማማ፣ ዕድሜማ አይቧጭርም። አሟት እንደሆነስ?”

“ቢያማት ኖሮ አታነክስም? አትጮኽም?”

ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱም የዚህ ሁሉ ነገር ቁልፍ ይመስለኛል። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። በተፈጥሮዋ አዳኝ ናት፤ ግን ትንሽ ስለሆነች ለትልልቆቹ አውሬዎች ራሷም ታዳኝ ናት። ደካማ መስሎ መታየት ያስበላል። ስለዚህ እግሯን ሲያማት አታነክስም፣ መዝለሉን ትተዋለች። ጥርሷን ሲያማት አትጮኽም፣ ጠንካራውን ትታ ለስላሳውን ትልሳለች። ሕመሟ ከምታደርገው ይልቅ ማድረግ በተወችው ነገር ላይ ነው የሚታየው። እኛ ደግሞ የቀረ ነገርን ለማየት ዓይናችን አልለመደም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራዬን ሁሉ ትቼ አየኋት። ሶፋው ስር ቆመች። ወደ ላይ አየች። የፊት እግሮቿን ሶፋው ጫፍ ላይ ሰቀለች። የኋላ እግሮቿን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አመቻቸች። የጭራዋ ጫፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ የፊት እግሮቿን መልሳ አወረደችና ምንጣፉ ላይ ለመተኛት ዞረች። ስትተኛም መጀመሪያ የፊቷን፣ ቆይታ ቆይታ የኋላዋን ነው ያሳረፈችው። ሶፋውን ጠልታ አይደለም። መውጣት ፈልጋለች፤ ከልቧ ፈልጋለች። ያቃታት አካሏ ነው።

መገጣጠሚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸውን 100 ድመቶች ራጅ ተመልክቶ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ጉዳት አግኝቷል። ከመቶ ዘጠና። ይሄን ቁጥር ያየሁ ዕለት ስንቷን የሰፈር ድመት “ሰነፈች” ሲባል እንደሰማሁ ነው ያሰብኩት።

ይሄ አንዴ ከገባን ሌላው ተራ በተራ ይፈታል። የወገቧ ፀጉር የተቋጠረው ዞራ መላስ ስላቃታት ነው። ልጁን የቧጨረችው ሲያነሳት ዳሌዋን ስለሚጫናት ነው። ከሳፋው ውጭ የሸናችው የሳፋው ጠርዝ ከፍ ስላለባት ነው። ሳፋው ድረስ ሄዳለች እኮ! ያቃታት የመጨረሻው እርምጃ ብቻ ነው። ሰው ግን ይሄን ሲያይ “እልኸኛ ሆነች” ይላል። ድመት ለእልህ አትሸናም። ይሄን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ስንቷ ድመት በዚህ ሰበብ በመጥረጊያ ተመትታ ከቤት እንደተባረረች አውቃለሁና። አሞኛል ማለት የማትችልን ፍጥረት፣ ሕመሟ ስለታየባት መምታት ግፍ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አልጠየቀም። የሳፋውን አንድ ጎን በቢላ ቆርጠን ዝቅ አደረግነው፤ ጠርዙ እንዳይቆርጣት በፕላስተር ሸፈንነው። ሶፋው አጠገብ በርጩማ አስቀመጥን። በርጩማው ከተቀመጠ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አድርጋ ትወጣለች። ጥፍሯንም እኛ ነን የምንቆርጥላት፤ ያረጀች ድመት እንደ ድሮው እየቧጠጠች ስለማትሞርደው ጥፍሯ አድጎ መዳፏ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ልጁንም አስተማርነው። አሁን አያነሳትም፤ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ እሷ እስክትመጣ ይጠብቃል። ትመጣለች ደግሞ።

ብርዱን መርሳት አይቻልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ የጤነኛ ሰው ጉልበት ይይዛል። ኮምቦልቻ ወረድ ብላ የምትኖር ድመት ይሄ አይገጥማትም። ማታ ማታ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ እሞላና በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ መኝታዋ ውስጥ አስቀምጥላታለሁ። የፈላ አይደለም፤ እጅ የሚችለው ሙቀት ብቻ። ጠዋት ስትነሳ የኋላ እግሯ እንደሚፍታታ በዓይን ይታያል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር መለመን አለብኝ። “ካመማት ትንሽ ፓራሲታሞል ስጫት” ያለኝ ሰው አንድ ሁለት አይደለም። እባካችሁ፣ እባካችሁ አትስጡ። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። የሰው ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግድበት መንገድ የድመት ጉበት በበቂ ስለሌለው መርዙ ደሟ ውስጥ ይቀራል። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ይጠቁራል፣ ፊቷና እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ለኛ ራስ ምታት የምንውጣት አንዲት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ አንድ ድመት ልትገድል ትችላለች። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ኩላሊቷንና ጨጓራዋን ይጎዳሉ። ያረጀች ድመት ሕመም ማስታገሻ አላት፤ ግን የሚሰጣት መዝኗት፣ ኩላሊቷን አይቶ የሚወስን የእንስሳት ሐኪም ነው።

ወሎ የከብት አገር ነው። ሐኪሞቻችን ቀናቸውን የሚያሳልፉት ከበሬ፣ ከበግና ከበቅሎ ጋር ነው። ቢሆንም ባለሙያ የለም ማለት አይደለም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለው፤ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ችግሩ ድመት ይዞ መሄድ ነውር የሚመስለው ሰው መብዛቱ ነው። እኔ ቡሊትን በዘንቢል ይዤ ስሄድ ወረፋው ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በጋቸውን እያሻሹ “ነፍስ ናት፣ ጥሩ አደረግሽ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሌላው ሰው ምን ይል ይሆን ብዬ አላሰብኩም።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ “ቤት ውስጥ ስትንቀሳቀስ የቀረጹት ቪዲዮ አለ?” ብሎ ነው። ድመት ክሊኒክ ስትገባ ትደርቃለች፤ አታነክስም፣ አትጮኽም፣ ምንም አታሳይም። የስልክ ቪዲዮ ግን እውነቱን ያወጣዋል። ከዚያ መዘናት። ድዷን አየ፣ አንገቷን ዳሰሰ፣ ሆዷን ዳሰሰ፣ የኋላ እግሯን በቀስታ አጠፈ ዘረጋ። ዳሌዋ ላይ ሲደርስ ፊቷን አዞረች፤ አልነከሰችውም።

አንገቷን ለምን ዳሰስክ አልኩት። ለእንቅርት ነው አለኝ። የደጋ ሰው እንቅርትን ያውቀዋል፤ በሰው ላይ የአዮዲን እጥረት ያመጣዋል። ያረጀች ድመት ላይ የሚወጣው ግን ሌላ ነው። አንገቷ ውስጥ ባለው ታይሮይድ በሚባል እጢ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ይወጣና ሆርሞኑን ከልክ በላይ ያመርታል። ያኔ ድመቷ እየበላች ትከሳለች። እንደ ልጅነቷ ትሯሯጣለች፣ አታርፍም፣ ሌሊት ትጮኻለች፣ ልቧ በፍጥነት ይመታል። ባለቤቷ ደግሞ “ምግብ ተከፍቶላታል፣ ነቃ ብላለች” ብሎ ይደሰታል። ከሁሉም አታላዩ ምልክት ይሄ ይመስለኛል። አብዝታ የምትበላና የምትከሳ አሮጊት ድመት ካለቻችሁ አትደሰቱ፣ አሳዩዋት። በመድኃኒት የሚያዝ ነገር ነው። ቡሊት ይሄ አልተገኘባትም።

የተገኘባት ኩላሊት ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቿ አንሰው ተዳሰሱ፤ ሽንቷም ቀጭን ነበር፣ ውሃ ውሃ ያለ። ድመት የበረሃ ዘር ናት፤ ጤነኛ ኩላሊት ሽንቷን በጣም ያወፍርላታል። ይሄ ችሎታ የሚጠፋው ከኩላሊቷ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መሥራት ካቆመ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙ መጠጣትና ብዙ መሽናት እንደ ቀላል የሚታይ ምልክት አይደለም። ስኳር በሽታም እንደዚሁ ያስጠማል። ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በባልዲና በጀሪካን እናጠራቅማለን፤ ቡሊት ከባልዲው ጠርዝ ላይ ስትጠጣ ቤተሰቡ ሁሉ አይቷታል። አሁን በሦስት ቦታ ንጹሕ ውሃ እናስቀምጥላታለን። “ውሃ ቀንሱባት፣ ሽንቷ ይቀንሳል” የሚል ምክርም መጥቷል። ይሄ ሊገድላት የሚችል ምክር ነው። ኩላሊቷ ውሃ መያዝ አቅቶት ነው የምትጠጣው፤ ብትከለከል ትደርቃለች።

ስለ ምግብ ትንሽ ልበል። ድመት ሥጋ በል ናት፤ እንደ ውሻ ያገኘችውን በልታ አትኖርም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣና ከመሳሰለው ነው፤ ከጎደላት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። የኛ ቤት ይጾማል። በሁዳዴ ሽሮ በእንጀራ ለቡሊት ምግብ አይሆንም። በዚህ ጊዜ የሚደርሱላት እነዚያው “ዕድሜ ነው” ያሉኝ ጎረቤታችን ናቸው። ሥጋ ሲገዙ የሷን ድርሻ በፌስታል ቋጥረው በልጅ ይልካሉ። በሃይማኖታቸው ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በቤት ውስጥ የምትዘዋወር አብሮ ኗሪ እንደሆነች ደጋግመው ነግረውኛል። በረመዳን ደግሞ ለሱሁር ሲነሱ የሳህን ድምፅ ግድግዳ አልፎ ይሰማትና ትነቃ ነበር፤ እኔም እነሳና አበላት ነበር።

የተረፈ ወጥ ግን አይሆንም። ወጣችን ሽንኩርት ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱም አለበት። ሁለቱም የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ሥጋውን ያለ ምንም ቅመም እቀቅልና ለብ ሲል እሰጣታለሁ፤ ለብ ያለ ምግብ ሽታው ስለሚያውዳት ይበላላታል። ጥርሷም አለ። ምግብ አፏ ውስጥ አስገብታ የምትጥል፣ ባንድ ጎን የምታኝክ፣ ሳህኗ ጋ ሄዳ አይታ የምትመለስ ድመት ምግብ አልጠላችም፤ አፏን አሟት ሊሆን ይችላል። ድመት ሁለት ሦስት ቀን ምንም ካልበላች ስቡ ጉበቷ ላይ ይከማችና ሌላ ትልቅ ችግር ያመጣል። “ሲርባት ትበላለች” ለድመት አይሠራም።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ። ከሁሉም ያስጨነቀን እሱ ነው።

የሌሊት ጩኸቷ የድሮው ምያው አይደለም። ረጅም ነው፣ ወፍራም ነው፣ ማንንም የሚጠራ አይመስልም። መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ ተነስቼ ሳሎን ገባሁ። በሩ ጋ ቆማለች። ግን በሚከፈተው በኩል አይደለም፤ በማጠፊያው በኩል ነው፣ አፍንጫዋን ከግድግዳው አስጠግታ። በሩ እዚያ ጋ እንዲከፈትላት ትጠብቃለች። ዕድሜዋን ሙሉ ያ በር ሲከፈት ሲዘጋ ስታይ የኖረች ድመት ናት። “ቡሊት” አልኳት። ዞር አላለችም። ቀረብ ብዬ ወለሉን በእግሬ መታ መታ ሳደርግ ደነገጠችና አየችኝ፤ ወዲያው ጩኸቷን አቆመች።

ድመትም አእምሮዋ ያረጃል። በሰው ላይ ከአልዛይመር ጋር የሚታየው ዓይነት የፕሮቲን ክምችት ባረጁ ድመቶች አንጎል ውስጥም ተገኝቷል። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ11 እስከ 14 ዓመት ካሉት ድመቶች 28 በመቶ ያህሉ፣ ከ15 ዓመት በላይ ካሉት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ከዚህ ጋር የሚያያዝ ቢያንስ አንድ የጠባይ ለውጥ ያሳያሉ። አቅጣጫ መሳት፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት መንቃት፣ ከሰው መራቅ ወይም ደግሞ ሰውን አልለቅም ማለት፣ የለመዱትን ቦታ መርሳት።

ይሁን እንጂ ሌሊት የምትጮኽን ድመት ሁሉ ጃጅታለች ማለት ስህተት ነው፤ “አርጅታ ነው” ከሚለው መልስ ብዙም አይሻልም። እንቅርቱ ያስጮኻል። ሕመም ያስጮኻል። የመስማት ችግር ያስጮኻል፤ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ነው የምትጮኸው። ደም ግፊትም አለ። ድመት ደም ግፊት ይይዛታል፤ ኩላሊቷ የተጎዳና እንቅርት ያለባት ድመት ላይ ይበዛል። ካልታወቀ የዓይኗን የውስጥ መጋረጃ (ሬቲናውን) ገንጥሎ ባንድ ሌሊት ሊያሳውራት ይችላል። የዓይኗ ብሌን በብርሃንም ሰፍቶ ከቀረ፣ ከዕቃ ጋር ከተጋጨች በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። የአእምሮ እርጅና የሚባለው ሌላው ሁሉ ታይቶ ከተጣራ በኋላ ነው።

ቡሊት ቀን ቀን ድስት ሲከደን ዞር አትልም፤ ሐኪሙ ጆሮዋ ሳይደክም አይቀርም ብሏል። የበሩ ነገር ደግሞ ከጆሮ በላይ ይመስላል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እኛ በበኩላችን ኮሪደሩ ላይ ትንሽ የሶላር መብራት አድርገናል፤ መብራት ቢጠፋም አይጨልምባትም። ከመተኛታችን በፊት እናበላታለን፣ በክር ትንሽ እናጫውታታለን። ከኋላዋ አንመጣባትም፤ እንድታየን በፊቷ በኩል ነው የምንቀርባት። ዕቃ አናዛውርም። ይሄኛው ለእናቴ ከባድ ነበር። ለፋሲካ ሶፋው ካልዞረ፣ ምንጣፉ ካልተቀየረ በዓል የመጣ አይመስላትም። አሁን መጋረጃ ብቻ ትቀይራለች። እንግዳ ሲበዛ ቡሊት ሳፋዋና ውሃዋ ካለበት ክፍል ገብታ በሩ ይዘጋላታል። በወሎ ቤት እንግዳ አይቀንስም፤ ሰላም የምታገኝበት ጥግ ግን መስጠት ይቻላል።

ሌሊት ስትጮኽ ተነስቼ አልቆጣትም። በስሟም አልጠራትም፤ አትሰማኝማ። ወለሉን መታ አደርጋለሁ፣ ታየኛለች፣ አብረን ወደ መኝታዋ እንሄዳለን።

ለውጥ ሁሉ የእርጅና እንዳልሆነም አይቻለሁ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛም እንደ ብዙ ሰው ከተማውን ለቀን ወጣን፤ ቡሊት በዘንቢል ውስጥ እናቴ ጉልበት ላይ ነበረች። ከተመለስን በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ስር ትገባ ነበር። ከባድ መኪና ሲያልፍ ትንቀጠቀጥ ነበር። እኛም እንደዚያው ነበርን። ያ ፍርሃት ነው፤ የመጣበት ቀን ይታወቃል፣ ቤቱ ሲረጋጋም ቀስ በቀስ ለቀቃት። የአሁኑ የተለየ ነው። መቼ እንደጀመረ አይታወቅም፣ ወደኋላም አይመለስም፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። ድመታችሁ ስትለወጥ መጀመሪያ ልትጠይቁት የሚገባው ይሄ ይመስለኛል። ባንዴ ነው ወይስ ቀስ በቀስ? የምናውቀው ምክንያት አለ ወይስ የለም?

ባንዴ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታንም ማሰብ ግድ ነው። በቀናት ውስጥ ተለውጣ ያገኘችውን የምትነክስ፣ ለሃጯ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃታት ድመት የእርጅና ነገር አይደለችም፤ በተለይ ወደ ውጭ የምትወጣና ያልተከተበች ከሆነች። አትንኳት፣ ለባለሙያ አሳውቁ። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ፤ ምልክት እስኪታይ ከተጠበቀ በሽታው ሰውን አይምርም። ቡሊት ልጁን ስትቧጭረው በሰፈሩ “አብዳለች፣ ጣሏት” የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር። ክትባቷ የተመዘገበበትን ወረቀት አውጥተን አሳየን። ልጁንም ጤና ጣቢያ ወስደን አሳየነው። ከቤት የማትወጣ ድመትም ትከተብ የምለው ለዚህ ጭምር ነው። ያለ ክትባት ወረቀት፣ ያመማትን አሮጊት ድመት ከሰው ፍርሃት ማዳን ከባድ ነው።

በደብተር እጽፋለሁ። ምን ያህል በላች፣ ውሃዋ ምን ያህል ጎደለ፣ ሌሊት ጮኸች ወይስ አልጮኸችም፣ በርጩማው ላይ ወጣች ወይስ አልወጣችም። ክብደቷን በጎረቤት እህል ነጋዴ ሚዛን በዘንቢል እመዝናታለሁ፤ ባለሱቁ አሁን ሳልጠይቀው ሚዛኑን ያጸዳልኛል። ክብደት ቀላል ነገር አይደለም። ከአራት ኪሎ ድመት ላይ ግማሽ ኪሎ ሲቀንስ ከ60 ኪሎ ሰው ላይ ሰባት ኪሎ ተኩል እንደመቀነስ ነው። ፀጉሯ ስለሚሸፍነው በዓይን አይታይም። በእጅ የጀርባ አጥንቷን መዳሰስ ወይም መመዘን ነው ያለው።

ጎረቤታችንም አሁን የሚጠይቁኝ ሌላ ነው። “ዛሬስ ወጣች?” ይሉኛል፤ በርጩማውን ማለታቸው ነው። ወጣች ካልኳቸው “አብሽሪ፣ ደህና ናት” ይላሉ። ያልወጣች ቀን ደግሞ ራሳቸው መጥተው አጠገቧ ቁጭ ብለው ጀርባዋን ያሻሹላታል፤ ዳሌዋን ሳይነኩ።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ከጥምቀት በኋላ ነው። ሐኪሙ ለዚህ ዕድሜ በየስድስት ወሩ መታየት አለባት ብሎኛል። የሌሊቱን ቪዲዮ ይዤለት እሄዳለሁ፤ ሽንቷም እንደገና ይታያል። ስለ ደም ግፊቷም እጠይቀዋለሁ። እስከዚያ በየሳምንቱ እሑድ እመዝናታለሁ። አሁን ካለችበት ከወረደች ቀጠሮውን አልጠብቅም።